«ኮሜዲ የሰነፍ ተመልካች ፊልም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኮሜዲ ፊልም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ብዙ ሰው አጋርቶታል፤ ብዙ ሰውም «እውነት ነው» ብሎበታል። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ፊልም የማየው እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ከሥራ በኋላ፣ ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር፣ ደስ እንዲለኝ። ጽሑፉ የሚወቅሰው እንዲህ ዓይነቱን ተመልካች ስለሆነ መልስ መስጠት የሚገባኝ ይመስለኛል።

ጸሐፊውን ላለመበደል መጀመሪያ እሳቸው ያሉትን ላስቀምጥ። በየሲኒማው የሚታየው ኮሜዲ ርካሽ ጥበብ ነው ይላሉ፤ ሰው ሲወድቅና ፊቱን ሲያጣምም አሳይቶ ማሳቅ ማንንም አያቅተውም። «አሳቀኝ» ማለት አስተያየት አይደለም፤ ሲኒማ ያላጠና ሰው ስለ ፊልም ጥራት ባይናገር ይሻላል። ታሪኮቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ መጨረሻቸው ገና ሲጀምሩ ይታወቃል። ዕድሜያቸውም አጭር ነው። ሽልማት የሚያገኙት ከባድ ፊልሞች መሆናቸው ይህንኑ ያረጋግጣል። ቀልዱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ደካማ ሰው ላይ ነው። በመጨረሻም፣ ተመልካቹ ስለነቃ ኮሜዲ ከሲኒማ ቤት እየጠፋ ነው ብለው ይደመድማሉ። ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱ ነጥብም እውነት አለው። ዋናው ሐሳብ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሳቅ ቀላል ነው ከሚለው ልጀምር። አሳዛኝ ትዕይንት ላይ አዳራሹ ጸጥ ሲል ተመልካቹ ልቡ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ሰልችቶትም ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ወስዶትም ሊሆን ይችላል። ፊልም ሠሪው ያንን ጸጥታ እንደፈለገው ሊተረጉመው ይችላል። ኮሜዲ ላይ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለም። ሳቁ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ ቀልዱ ከሽፏል፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መክሸፉን ያውቃል። ግማሽ መንገድ የደረሰ ሐዘን ተችሎ ይታያል። ግማሽ መንገድ የደረሰ ቀልድ ግን ተመልካቹን ራሱን ያሳፍረዋል።

«መውደቅ ማንም ይችላል» ለሚለው ደግሞ የድምፅ አልባ ፊልም ዘመኑን ኮሜዲያን በስተር ኪተንን ልጥቀስ። በ1928 በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኪተን ከአንድ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ የቤቱ ግድግዳ እንዳለ ተገንድሶ በላዩ ይወርዳል። የሚተርፈው ከላይ ያለው ክፍት መስኮት ልክ እሱ የቆመበት ላይ ስላረፈ ነው። ግድግዳው እውነተኛ ነበር። የካሜራ ማታለያ የለበትም። ኪተን ከቆመባት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ አልቆለት ነበር። ግድግዳው ሲወርድ ግን ንቅንቅ አይልም። ፊቱም ምንም አይናገርም። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ከማያውቅ ሰው መረጋጋት ነው። እባካችሁ፣ ይህን ማንም ይችላል አትበሉ።

የኮሜዲ ጥበብ ብዙውን ጊዜ የማይታየው በደንብ ስለተሠራ ነው። በ1959 የወጣውን «ሰም ላይክ ኢት ሆት»ን ያየ ሰው የማራካሱን ትዕይንት አይረሳውም። ተዋናዩ ጃክ ሌመን የሴት ልብስ እንደለበሰ በደስታ ሰክሮ ማራካስ፣ ማለትም በእጅ እየተናጠ የሚንሿሿ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ያንሿሿል። አንድ ሀብታም ሽማግሌ ሴት መስሎት አጭቶታል። ይህንኑ ለጓደኛው ለቶኒ ከርቲስ ይነግረዋል፤ ጓደኛው ደንግጦ ይጠይቃል፤ ሌመን ይመልሳል፤ በየመልሱ መሃል ማራካሱን እያንሿሿ ይወዛወዛል። ሲያዩት የደስታው መግለጫ ብቻ ይመስላል። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ማራካሱን የሰጠው ግን ለሌላ ምክንያት ነው። አዳራሹ በእያንዳንዱ መልስ በሳቅ ስለሚናጋ ቀጣዩ ንግግር እንዳይሰማ ፈራ። ስለዚህ ሌመን አንድ ነገር ይናገራል፤ ያንሿሿል፤ ሰዉ ስቆ እስኪጨርስ ጊዜ ያገኛል፤ ከዚያ ቀጣዩ ይመጣል። ትዕይንቱ ሲቀረጽ ግን የሚስቅ ተመልካች እዚያ አልነበረም። ዋይልደር ገና ያልመጣን ሳቅ ርዝመት ገምቶ ቦታ እየተወለት ነበር። ይህን ሁሉ ልኬት ርካሽ ጥበብ ማለት ይከብደኛል።

ትወናውም እንደዚሁ ነው። ጆ ፔሺ በ1990 «ጉድፌላስ» ላይ ሰው የሚያስፈራ ወንበዴ ሆኖ ተጫውቶ የኦስካር ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት «ሆም አሎን» ላይ አንድ ትንሽ ልጅ መጫወቻ ያደረገው ሌባ ነበር። ሰውየው አንድ ነው፤ ዓመቱም አንድ ነው። የመጀመሪያውን ጥበብ፣ ሁለተኛውን ፊት ማጣመም የምንልበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም ፊት ማጣመም ላይ ያልተመሠረተ ኮሜዲ ሞልቷል። በ1980 «ኤርፕሌን!» ሲሠራ ሌስሊ ኒልሰንን የመሳሰሉ፣ እስከዚያ ድረስ በኮስታራ ሚና የሚታወቁ ተዋንያን ተመረጡ። ያንን ሁሉ የማይረባ ወሬ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ እንደ ትልቅ ጉዳይ እንዲናገሩት ተደረገ። ፊልሙ የሚያስቀውም በዚያ ኮስታራ ፊት ነው።

እርግጥ ነው፣ በመጮህና በመላተም ብቻ ሰዓቱን የሚሞላ ፊልም አለ። ብዙ አለ። በ2011 የወጣው «ጃክ ኤንድ ጂል» ለዓመቱ መጥፎ ፊልሞች በሚሰጠው የራዚ ሽልማት ሁሉንም ምድብ ጠራርጎ ወስዷል፤ እኔም ልከራከርለት አልነሳም። ግን መጥፎ ድራማም ሞልቷል። አንድ ሰው መጥፎ ድራማ ቆጥሮ «ድራማ ሁሉ ርካሽ ነው» ቢል ጸሐፊው ራሳቸው የሚቀበሉት አይመስለኝም።

አሁን በጣም ወዳስከፋኝ ነጥብ ልምጣ። ሲኒማ ያላጠና ሰው አስተያየት የለውም የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ሲሉ ኮሜዲ እንዴት እንደሚሠራ የዘነጉ ይመስለኛል። ማርክስ ብራዘርስ የሚባሉት ወንድማማች ኮሜዲያን በ1935 የወጣውን «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ»ን ካሜራ ፊት ከመቆማቸው በፊት ትዕይንቶቹን ይዘው በየከተማው መድረክ ላይ ሲያሳዩ ነበር። ትኬት ቆርጦ በገባ ሰው ፊት ተጫወቱት። ሰዉ የሳቀበትን ያዙ፤ ያልሳቀበትን ጣሉ ወይም ቀየሩ። ሳቁ ምን ያህል እንደሚቆይ እንኳ ለክተው፣ ፊልሙ ላይ የንግግሩን ፍጥነት በዚያ አስተካከሉ። ዛሬም ትልልቅ ስቱዲዮዎች ኮሜዲን ከመልቀቃቸው በፊት ለተራ ተመልካች ያሳያሉ። ቀልዱ ላይ ዝም ከተባለ ይቆረጣል። ዳይሬክተሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጠው የሲኒማ ምሁርን ድምፅ አይደለም። ቲያትርም ፊልምም አጥንቶ የማያውቀውን ሰው ሳቅ ነው። የፊልሙ ባለቤቶች ይህን ያህል የሚያምኑትን ተመልካች ጸሐፊው አፉን እንዲዘጋ መጠየቃቸው ትክክል አይደለም።

እውቀት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ስለ ቀረጻና ስለ ኤዲቲንግ የሚያውቅ ሃያሲ ለምን እንደሳቅኩ ሊያስረዳኝ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። የማራካሱን ነገር ያወቅሁትም ከሚያውቁ ሰዎች ነው። ያንን ካወቅሁ በኋላ ትዕይንቱን የበለጠ ወደድኩት። ሃያሲው «መሳቅ አልነበረብህም» ሊለኝ ግን አይችልም። ሳቅ በትእዛዝ አይመጣም፤ በክርክርም አይመለስም። ፊልሙን «ግሩም ነው» ብዬ ለይምሰል ላሞግሰው እችል ይሆናል። አዳራሽ ውስጥ ሆዴን ይዤ በሳቅ ስፈርስ ግን ማንንም ለማስደሰት አይደለም።

ደግሞ ትልልቅ ሃያሲያንም ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ሮጀር ኢበርት «ግራውንድሆግ ዴይ» በ1993 ሲወጣ ከአራት ሦስት ኮከብ ሰጠው። በ2005 ፊልሙን ከታላላቆቹ ተርታ ሲያስገባው መጀመሪያ አሳንሶ ገምቶት እንደነበር በግልጽ ጻፈ። ይህን ማድረጉ አክብሮቴን ጨመረልኝ። ተመልካችም ቢሆን ይሳሳታል፤ ይህንን ለጸሐፊው እቀበላለሁ። በ1926 የተሠራው የኪተን «ዘ ጄነራል» ሲወጣ ሃያሲውም ተመልካቹም ፊት ነስተውት ነበር። ዛሬ ከድምፅ አልባ ፊልሞች ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው። እንግዲህ ሁለቱም የሚሳሳቱ ከሆነ አንዱ ብቻ ዝም የሚልበት ምክንያት የለም።

«መጨረሻው ይታወቃል» የሚለው ክስ ከሁሉም በላይ የተስማማበት ሰው ያለው ይመስላል። እውነት ነው፤ ይታወቃል። «ሆም አሎን»ን ያየ ሰው ሁሉ ልጁ እንደሚያሸንፍ፣ እናቱም እንደምትመለስ ገና ሲጀመር ያውቃል። ግን እስቲ ያንን የበር እጀታ እናስታውስ። ትንሹ ኬቨን ከበሩ በስተጀርባ፣ እጀታው ላይ በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት አንጠልጥሏል። ፔሺ የሚጫወተው ሌባ፣ ሃሪ፣ ውጭ ነው። በረዶ የያዘው ደረጃ አንሸራቶ ጥሎት እንደምንም ተነስቶ ወጥቷል። እጀታው ፍም መስሎ ቀልቷል። እኛ አይተነዋል። እሱ አላየውም። እጁን ይሰዳል። አዳራሹ መሳቅ የሚጀምረው እጁ እጀታው ላይ ሲያርፍ አይደለም፤ መንገድ ላይ እያለ ነው። እጀታው ላይ ምን እንዳለ ባናውቅ ኖሮ ትዕይንቱ የአንድ ሰው መቃጠል ብቻ ይሆን ነበር። ሳቁን የፈጠረው ቀድመን ማወቃችን ነው።

ጸሐፊው የወንጀል ልብ ወለድን የሚለኩበትን ሚዛን ይዘው ነው ኮሜዲ ላይ የመጡት። ገዳዩ ማን እንደሆነ ቀድሞ ከታወቀ የወንጀል ታሪክ ይሞታል። ኮሜዲ ግን ባብዛኛው የሚኖረው ተመልካቹ ከባለታሪኩ የበለጠ ሲያውቅ ነው። ሌመን ወንድ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ሽማግሌው አያውቅም። ሮቢን ዊልያምስ «ሚስስ ዳውትፋየር» ላይ አባት መሆኑን እናውቃለን፤ ልጆቹ አያውቁም። «ግራውንድሆግ ዴይ»ማ ከዚህም ይብሳል፤ ያው አንድ ቀን እየተደጋገመ ነው የሚታየው። ቀጥሎ የሚሆነውን በቃላችን እናውቀዋለን። ቢል መሬይ ያንን የታወቀ ቀን በየጊዜው በምን ዓይነት ፊት እንደሚቀበለው ለማየት ነው ዓይናችንን የማንነቅለው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ምን ይሆናል?» አይደለም፤ «እንዴት አድርጎ ይሆናል?» ነው። እዚህ ላይ ልዩነት የማያሳዩ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆኑ የፍቅር ኮሜዲዎች እንዳሉ አልክድም። በዝናብ እየሮጠ ይቅርታ የሚጠይቀውን ሰው እኔም ጠግቤዋለሁ።

ዕድሜያቸው አጭር ነው ለሚለው ብዙ አልቆይም። ከላይ የጠቀስኳቸው ፊልሞች ራሳቸው መልስ ናቸው። የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩት በ2000 አስቂኝ የአሜሪካ ፊልሞችን በደረጃ ሲያወጣ አንደኛ ያደረገው ያንኑ የ1959ኙን «ሰም ላይክ ኢት ሆት»ን ነው። ሚስተር ቢንን ደግሞ የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ሲጀመር ያልተወለዱ ልጆች ዛሬም እያዩ ይንከተከታሉ። ቶሎ የሚያረጀው በዚያ ዓመት ወሬ ላይ የተንጠለጠለ ቀልድ ነው። የሰሞኑን ዝነኛ ሰው ወይም የሰሞኑን ማስታወቂያ እያነሳ የሚቀልድ ፊልም አሥር ዓመት ሳይሞላው ማብራሪያ ይፈልጋል። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ሽልማቱም ቢሆን እንደተባለው አይደለም። ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ወንድ ተዋናይ፣ ሴት ተዋናይና ድርሰት፣ እነዚህን አምስት ዋና ዋና ኦስካሮች ጠቅልሎ በመውሰድ የመጀመሪያው ፊልም በ1934 የወጣው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ነው። የፍቅር ኮሜዲ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን የደገሙት ሁለት ፊልሞች ብቻ ናቸው። በ2011 የወጣው «ብራይድስሜድስ»ም ለድርሰቱና ለሜሊሳ መካርቲ ትወና ታጭቷል። ኮሜዲ በኦስካር ብዙ ጊዜ እንደሚረሳ አውቃለሁ። ግን መረሳቱ የሸላሚዎቹን ምርጫ ነው የሚያሳየው።

ቀልዱ ደካማ ሰው ላይ ያርፋል የተባለውን በቁም ነገር ነው የምወስደው። በሰው ውፍረት፣ በአካል ጉዳት፣ በቆዳ ቀለም፣ በአነጋገር ዘይቤ ላይ የተሠሩ ቀልዶች በብዙ ዝነኛ ኮሜዲዎች ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹን ድሮ ስቄባቸው ዛሬ ሳያቸው ይከብደኛል። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። የማልስማማው ይህ የኮሜዲ ተፈጥሮ ነው ማለታቸው ላይ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ግሬት ዲክታተር»ን ያወጣው በ1940 ነው፤ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም ነበር። የሳቀው ሂትለር ላይ ነው። አምባገነኑ የዓለምን ሉል በመሰለ ፊኛ እየተጫወተ ሲደንስ፣ ከዚያም ፊኛው እጁ ላይ ሲፈነዳ ያየ ሰው ቀልድ ማንን ሊመታ እንደሚችል ያውቃል። ብዙ ሕዝብም ገንዘቡን ከፍሎ አየው። ሌላም አለ። ቻፕሊን በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ የማጎሪያ ካምፖቹን ትክክለኛ ሰቆቃ ቢያውቅ ኖሮ ያንን ፊልም ሊሠራው እንደማይችል ተናግሯል። የሳቅን ወሰን ከኮሜዲ ሠሪ በላይ የሚጨነቅበት ያለ አይመስለኝም። ክፉ ቀልድ ሲኖር ቀልዱን በስሙ ጠርተን እንውቀሰው፤ ዘርፉን በሙሉ አንኮንን።

የቀረው ኮሜዲ ከሲኒማ ቤት እየጠፋ ነው የሚለው ነው። እንደ ድሮው በብዛት አለመታየቱ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን የተመልካች መንቃት አይደለም። መካከለኛ ወጪ የሚወጣበት ኮሜዲ ድሮ ከሲኒማ ያላገኘውን ገንዘብ ከዲቪዲ ሽያጭ ያገኝ ነበር፤ ያ ገበያ ወደቀ። ስቱዲዮዎች ገቢያቸውን ከመላው ዓለም መሰብሰብ ሲፈልጉ ደግሞ በቋንቋ የሚሠራ ቀልድ ድንበር ሲሻገር ይጎዳል፤ ፍንዳታና ማሳደድ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። በዚህ ላይ እንደ ኔትፍሊክስ ያሉት ኮሜዲውን ወደ ቤት ወሰዱት። አዳም ሳንድለር ከ2014 ጀምሮ ከእነሱ ጋር ተዋውሎ እየሠራ ነው። ሰዉ መሳቁን አልተወም፤ የሚስቅበት ቦታ ነው የተቀየረው።

በዚህ ለውጥ የጎዳን ነገር እንዳለ ግን አምናለሁ። ሮበርት ፕሮቫይን የተባሉት የሳቅ ተመራማሪ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል እንደሚስቅ አግኝተዋል። ለሳቅ የተሠራን ፊልም ብቻችንን፣ በስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስናየው ግማሹን አላየነውም። ወዲያው «ያን ያህል አያስቅም» ብለን እንፈርዳለን። ጸሐፊው ያነሷቸውን ፊልሞች በምን ሁኔታ እንዳዩዋቸው አላነበብኩም፤ ሰው በሞላበት አዳራሽ አንዴ ደግመው ቢያዩዋቸው ግን ደስ ይለኛል።

ሰው ሲገኝ ደግሞ አዳራሹ ይሞላል። «ኤኒዋን በት ዩ» የተባለው የፍቅር ኮሜዲ በታኅሣሥ 2023 ሲወጣ በአሜሪካ የመጀመሪያ ቅዳሜና እሁዱ ያስገባው 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሃያሲያኑ ግማሹ ወደደው፤ ግማሹ አልወደደውም። በተለመደው አካሄድ በሁለትና በሦስት ሳምንት ከሲኒማ ቤት መውጣት ነበረበት። ያየው ሰው ግን ላላየው ይነግር ጀመር። ወጣቶች ከአዳራሽ ሲወጡ እየዘፈኑና እየደነሱ ራሳቸውን ቀርጸው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ለቀቁት። ፊልሙ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ከመውረድ ይልቅ ከፍ አለ። በመጨረሻ በዓለም ዙሪያ 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ይህንን ያደረጉት «አሳቀኝ፣ ሂድና እየው» ከማለት ሌላ ምንም ያልጻፉ ተመልካቾች ናቸው።